የጭቃ ሹሙ ገለባ

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ። ልጄ አስያ ስምንት ዓመት የተማረችው ለዚያች ጠዋት ነው፤ የይጁቤ ልጆች የሚፈተኑት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄደው ነው።

አባቷ ሱሩር ቃሉን አስቀድሞ ሰጥቷል። ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ወይም ሳትደርስ ከቀረች ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃና ሱቅ ትቆማለች። ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔን ያገባኝ ከአሥረኛ ክፍል አስቋርጦ ነው፤ ጣቃ እየለካሁ፣ ስኳር እየመዘንኩ ስኖር አይቶ ለሴት ልጅ ይህ ይበቃታል ብሎ ደምድሟል። እኔ ግን በዚያ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ አስያ እዚህ አትቆምም።

ዘመኑ ስድሳ አንድ ነው። ክረምቱ ቸኩሎ ገባ። ሰኔ ከባተ ብዙም ሳይቆይ ከይጁቤ የሚያወጣው መንገድ ዋልካው ርሶ ጥቁር ሊጥ ሆነ። በቅሎ እየተንገዳገደች ትሄድበታለች፣ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄድበታል።

እኔ መንገድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየኝ ሬሳ ነው። ይህን ባሕርዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሱሩር በደጀን በኩል አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ዓባይ በረሃ ውስጥ ቀብሬው፣ ለቅሶ ተቀምጬ፣ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ነው ከሞት የሚነሣልኝ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሱቅ የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ መኪና በጭቃ እንዴት ይነዳል? መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ መልስ ነበረው።

አንዱ፣ ከባድ መኪና አያዳልጥም አለ። ሱሩር ይህን ሰምቶ ከኋላ ኑግ በጆንያ አስጫነ፤ ያው ኑጉም ገበያ ይደርሳል። ሌላው፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ካለፉት ጭቃው ለመያዝ ጊዜ አያገኝም አለ። አንድ ሽማግሌ ጎማው ላይ አመድ ይነስነስበት አሉ። ሁሉንም ሰማሁ፤ አንዱም አላረጋጋኝም።

ላንድሮቨሩ የአንድ ነጋዴ ነው። ሾፌሩ ባዘዘው ይባላል፤ ፍንጭት፣ ቀልደኛ፣ ጣሊያን ጋራዥ ነው ያደግሁት የሚል ሰው ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ልንነሣ ስንል አጎንብሶ የቀኝ ጎማዎቹን ሲያስተነፍስ አገኘሁት። ነፋሱ ፊስስ እያለ ሲወጣ የእኔም ነፍስ አብሮ የሚወጣ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ገደሉ በግራ ስለሆነ የቀኞቹ ዝቅ ሲሉ መኪናው ተራራውን ይደገፋል አለኝ፣ ሰካራም ግድግዳ እንደሚደገፍ። ስለ ሰካራም ሲያወራ ከአፉ አረቄ ሸተተኝ። እሱም አልካደም። ሁለት መለኪያ ብቻ ነው፤ ያልጠጣ ሰው ክንዱ ይደርቃል፣ በጭቃ ደግሞ ደረቅ ክንድ ይገድላል አለኝ።

«ወይዘሮ ኡሙልኸይር፣ እርስዎ የሚፈሩት ስላልጠጡ ነው» አለኝ።

«እኔ የምፈራው አንተ ስለጠጣህ ነው።»

አስያ ደብተሯን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ነጻ ይለቀዋል፤ ሾፌሮቹ ፎሌ ይሉታል። ሞተሩ የያዘው ጎማ ይጎተታል፣ የተጎተተ ጎማ ያዳልጣል፤ በፎሌ ከሆነ ግን እንደ ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የኋላው መዝጊያ ክፍት ይሁን፤ መኪናው ካዳለጠ ከኋላ ያለ ሰው ቶሎ ይዝለል። እኔን ፊት ወንበር ሊያስቀምጠኝ ለምኖ ነበር። ከልጄ ጋር ከኋላ፣ ጆንያው ላይ እቀመጣለሁ አልኩት። ቢስሚላህ ብለን ተነሣን።

ሜዳውን እያዘገምን፣ ሁለት ቦታ ተይዘን፣ ሰው እየገፋን አለፍነው። ከጋራው አናት ስንደርስ ባዘዘው አቆመ። ከፊታችን ያለው ቁልቁለት እስከ ወንዙ ድልድይ ይወርዳል፤ በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል። ያን ሳምንት እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ቁልቁለት ነው። ሳየው ግን ጥቁር አልነበረም። ለሠርግ ቤት ቄጠማ እንደሚጎዘጎዝ ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር በገለባ ተጎዝጉዟል።

ይህን ያደረጉት የዚያ አገር ጭቃ ሹም፣ እንዳላማው ናቸው። ግብር ያስገብራሉ፣ ድንበር ይለያሉ፣ ሰው ለሥራ ያሰማራሉ። ተፈታኝ ልጆች በዚህ ያልፋሉ ሲባል ሰምተው ሰዎቻቸውን ከነመንሻቸው አስወጥተዋል። እሳቸው ራሳቸው ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ዐምና የጤፍ ጭድ አስነጥፈው አንድ የጭነት መኪና በሰላም እንደወረደ ነገሩን። ዘንድሮ የጤፉ ጭድ ለከብት ስላነሰ ከአውድማ ዳር የተከመረ ሌላ ገለባ አስመጥተዋል። የምን ገለባ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ባዘዘው ወርዶ እጅ ነሣቸው።

«ስለ ጭቃ ጭቃ ሹም ካላወቀ ማን ያውቃል፣ አያ እንዳላማው?»

ቀልዱ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ከልቡ ነው። እሳቸውም ቀልድ አልመሰላቸውም። «የተሾምኩበት ነው» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ድረስ ተሰቅሎ የሰነበተው ትከሻዬ ያን ጊዜ ወረደ። የሚያስብልን ሹም አለ፣ መንገዱ ተነጥፏል፣ ልጄ ትደርሳለች። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ጭቃ ሹሙ በገለባቸው መተማመናቸውን ሊያሳዩ ከኋላ መርገጫው ላይ ወጥተው የሸራውን ብረት ጨበጡ። አስያን፣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው ብለው ጠየቋት። አስተማሪ አለቻቸው። እንግዲያው ያስተላለፈሽን ሹም ለተማሪዎችሽ ንገሪ አሏት።

ባዘዘው ማርሹን አወጣ።

ገለባው ላይ ስንገባ ምንም አልተሰማኝም። ያስደነገጠኝም እሱ ነው። መንቀጥቀጡ ቆመ፣ የጎማው ድምፅ ጠፋ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቤቱ ወደ ታች የሚሄድ መሰለኝ። ሸራውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ይሰማል። ፍጥነታችን ሲጨምር ባዘዘው ፍሬን ረገጠ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ከዚያ የእኛ በኩል፣ የኋላው፣ ቀስ ብሎ ወደ ገደሉ ዞረና ፊቱን ሊቀድመው ጀመረ።

«ዝለሉ!» የሚል የባዘዘው ድምፅ ሰማሁ።

ጭቃ ሹም እንዳላማው ዘለሉ። እኔም ተነሣሁ። አስያን በክንዷ ይዤ ወደ ክፍቱ በር ስጎትታት እሷ እግሯን ጆንያው ላይ ተክላ በሁለት እጇ ወገቤን አቀፈችኝ።

«ልቀቂኝ» አልኳት።

«እማ፣ መሬቱም ያዳልጣል።»

አለቀቀችኝም። በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ጭቃ ሹሙ በመቀመጫቸው ወርደው፣ ከዘራቸውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። እኛም እየተንሸራተትን እንከተላቸዋለን። አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። በእሳቸውና በመኪናው መካከል የነበረው ርቀት ዓይኔ እያየ አለቀ። መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱት የድንጋይ ክምር ላይ ተላተምንና ቆምን።

መጀመሪያ አስያን ነካኋት። ራሷን፣ አንገቷን፣ ከዚያ የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ። ሁሉም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ከሥራችን ማቃሰት የሰማሁት።

የጭቃ ሹሙ አንድ እግር ከኋላ ጎማው ሥር ነበር። ሰዎቹ እየወደቁ እየተነሡ ደርሰው መኪናውን በትከሻቸው አነሡትና አወጧቸው። እግራቸው መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ከመኪናው ስወርድ አዳልጦኝ በእጄ ተደገፍኩ። እጄን ሳነሣ በጣቶቼና በመሬቱ መካከል የሚያብረቀርቅ ክር ተሳበ። አሸተትኩት። ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ለሆዴ የምጠጣው ነገር ነው።

ተልባ።

ቁልቁለቱ ሁሉ የተልባ ገለባ ነው። ፍሬው ከነቆዳው ውስጡ ቀርቷል፤ ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድበት ውሏል። ሳምንቱን ሙሉ ጎማውን፣ ሾፌሩን፣ አረቄውን፣ ድልድዩን ፈርቻለሁ። ሽፍታ እንኳ ፈርቻለሁ። ያልፈራሁት ገለባውን ብቻ ነበር።

የጭቃ ሹሙ ባለቤት ደብሪቱ እየሮጠች መጣች። ባሏን ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ከዚያ እጇን ገለባው ውስጥ አስገብታ አወጣችና ለሰዎቹ አሳየቻቸው። ይህ ክምር በደንብ አልተወቃም፣ አትንኩት ብዬ አልነበረም ወይ አለች። የሰማት የለም። ሰዎቹ ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። አንዱ ገለባው ስለሳሳ ነው አለ። ሌላው ሹሙ በግራ እግራቸው ስለዘለሉ ነው አለ። ባዘዘው ደግሞ፣ መኪና እንደ በቅሎ ነው፣ የፈራ ሰው ሲጫንበት ይሸተዋል አለና ወደ እኔ ተመለከተ። ሁሉም ተመለከቱኝ።

ይህን ሰምቼ አፌን ሳልዘጋ ሁለት ጎልማሶች ሙሉ ሸክም ገለባ ይዘው ሲመጡ አየሁ። ከእኛ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ሊጨምሩበት ነው።

«አወፍሩት» አሉ ጭቃ ሹሙ ከተኙበት። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ትእዛዙን ግን አልተዉም።

ተልባ ነው አልኳቸው። እጄን አሳየኋቸው፣ ክሩን ሳብኩላቸው። አንደኛው ሸክሙን ሳያወርድ በትዕግሥት መለሰልኝ።

«እቴ፣ ተልባ የሚያሟልጨው ጉሮሮ ነው እንጂ ጎማ ነው እንዴ?»

የቆሙት ሳቁ። እግሩ ከተሰበረ ሰው አጠገብ ቆመው ሳቁ። ቀኑ መሽቷል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ወንዙ እየሞላ ነው። ሌላ መኪና የለም። የሰውዬው እግር ሐኪም ቤት ካልደረሰ ይቆረጣል፤ ልጄ ጠዋት ካልደረሰች ዕድሜዋን በሙሉ ስኳር ስትመዝን ትኖራለች። በእነዚህ ሁለት ነገሮችና በደብረ ማርቆስ መካከል ያለው ደግሞ ይህ ገለባ ነው፣ እነሱም እየጨመሩበት ነው።

አስያ አጠገባችን የወደቀ መንሽ አነሣች። ከመኪናው በታች ጀምራ ገለባውን እየጠረገች ወደ ቦዩ ትገፋው ጀመር። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ በእጄ ተከተልኳት። ጭቃ ሹሙ ዓይናቸውን ገለጡና ምን እያደረጉ ነው ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው በክርናቸው ሊነሡ ሞከሩ። መንገዱ የእኔ ነው፣ ገለባው የእኔ ነው፣ የነካ ሰው ይጠየቅበታል አሉ።

ደብሪቱ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

«አንቱ» አለች፣ ዝግ ብላ፣ «ዝም በሉ።»

ሰዎቹ ደነገጡ። ከእግሩ መሰበር ይልቅ ይህ ያስደነገጣቸው መሰለኝ። ጭቃ ሹሙም ሚስታቸውን ቀና ብለው አይተው እውነትም ዝም አሉ። ደብሪቱ ራሳቸውን ካባቸው ላይ አሳርፋ ተነሣችና ከእኛ ጋር ገለባ መዛቅ ጀመረች። ሸክም ይዞ የነበረው ሰው ሸክሙን ወደ ገደሉ ወረወረው። ከዚያ ሁሉም ገቡበት። ከገለባው ሥር ያው ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ ጠጠር የተቀላቀለበት፣ እግር የሚይዝ ጭቃ። ጭቃ በማየቴ የዚያን ያህል እደሰታለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ሰዎቹ መኪናውን ገፍተው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ መለሱት። ባዘዘው ያስተነፈሳቸውን ጎማዎች በእጅ ፖምፓ ነፋ። ስካሩ በርዶለታል። ገብቶ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እንደያዘው፣ ቀስ ብዬ ላውርደው አለኝ። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጠየቀኝ።

«ወይስ ምን ይሻላል?»

«አላውቅም» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ስለ ጭቃ ከተናገረው ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያወጣሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ የጠቀመው መሰለ።

የጭቃ ሹሙን እግር በእንጨት አስረው በጆንያዎቹ መካከል አስተኟቸው። ደብሪቱ ራሳቸውን ያዘች። የታሰረውን እግር ደግሞ ሌላ ሰው መያዝ አለበት፤ በቀረው ጠባብ ቦታ የሚገባ ቀጭን ሰው። አስያ ገባች። እኔ እጇን ይዤ አወጣኋት። በእግራችን እንወርዳለን፣ ድልድዩ ጋ ይጠብቁናል አልኳት። እሺ ትላለች ብዬ ነበር።

«እግራቸውን ማን ይይዛል?» አለችኝ።

ወደ ሰዎቹ ተመለከትኩ። ሁሉም ትከሻቸው ሰፊ ነው፣ ሁሉም ጭቃ በጭቃ ናቸው። ወደ ገደሉም ተመለከትኩ። ልጄን በእጄ ይዤ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ቀብሬያት እንደማውቅ፣ አሁን ግን በእውነት ልለቃት እንደሆነ ታወቀኝ። ለቀቅኋት። መዝጊያውን ራሴ ዘጋሁት፤ በገመድም አሰርኩት።

መኪናው እያጉረመረመ ተንቀሳቀሰ። ከኋላው በእግሬ ተከተልኩት። ሸራው ስለተጋረደ አስያ አትታየኝም። ጎማውን ብቻ ነበር የማየው፤ ሲዞር፣ ጭቃ ሲያነሣ፣ ሲዞር። መካከል ላይ ኋላው ወደ ገደሉ በኩል ሸተት አለ። ባዘዘው ፍሬኑን አልነካም፤ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት በኩል መለስ አደረገውና መኪናው ተስተካከለ። እኔ ግን ቆሜ ቀርቼ ነበር። ያ ረቢ እያልኩ እንደገና ተንቀሳቀስኩ። መኪናው ድልድዩ ጋ ደርሶ ሲቆም ልሮጥ ሞከርኩ፤ ሳይጠረግ የቀረ ገለባ ረገጥኩና በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከኋላ ጎማው አጠገብ ደረስኩ።

ከሸራው ውስጥ የጭቃ ሹሙ የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ጠንቀቅ ይበሉ እመቤት፣ ያዳልጣል።»

ደብረ ማርቆስ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። ሹሙን ሐኪም ቤት አስረክበን ዘመድ ቤት አደርን። ሐኪሙ እግሩ ይድናል ብሏል። ሰኞ ጠዋት አስያ ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር ተሰልፋ ገባች፤ እኔ ከግቢው አጥር ውጭ ከወላጆች ጋር ቀረሁ። አጠገቤ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ከጉንደ ወይን የመጣ ነጋዴ ነበር። ለሌሎቹ ወሬ ያወራል። ትናንት በይጁቤ መንገድ አንድ ላንድሮቨር ገደል ሊገባ ሲል የተልባ ገለባ ያዘው አሉ ይላል። ሹሙ ራሱ አስጎዝጉዞት ነው አሉ። እኛም ጋ ክፉ ቁልቁለት አለ፤ ስመለስ እናስነጥፋለን ይላል።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። አንድ ሌሊት ነው ያደረው። አንድ ሌሊት አድሮ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል፣ ያውም ተገልብጦ። መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ደስ አለው፤ ይኸው ምስክር አገኘሁ ብሎ ሌሎቹን ጠራ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የተልባውን፣ የእግሩን፣ እንዴት ጠርገን እንደወረድን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ሰውዬው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«አዩ፣ በዝቶበት ነው። ሳሳ አድርጎ ቢነጠፍ ኖሮ» አለ።

በሩ ተከፈተና ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። አስያ ጣቶቿ ቀለም በቀለም ሆነው መጣች። ሁሉንም ሠርታ እንደጨረሰች ነገረችኝ። ማለፏን በነሐሴ ሰማን። ያን ጊዜ ግን ቆማ ማየቴ ብቻ በቃኝ።

ከኋላዋ አንድ ልጅ ወጥቶ ወደ ባለጃንጥላው ሄደ። ልጁ ነው። ሰውዬው ትከሻውን አቅፎ፣ ከዝናቡ ሊያስጠልለው ጃንጥላውን አዘነበለለት። በየትኛው በኩል እንደሚመለሱ ጠየቅሁት። በዚያው በራሳቸው አገር ክፉ ቁልቁለት ነው አለኝ።

የአስያ ቀሚስ ጫፍ ላይ የትናንቱ ተልባ እንደ ሙጫ ደርቆ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከአጥሩ ሥር ያቆረው ውሃ ውስጥ ነከርኩትና እስኪርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ጫፉን ወደ ሰውዬው ያዝኩለት።

«ይንኩት» አልኩ።

በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። ጣቶቹ እርስ በርሳቸው አልያያዝ ብለው ተሟለጩበት። እጁን ፈጥኖ ሳበና ልጁን ተመለከተ። ጃንጥላው ከእጁ ወድቆ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ሊያነሣው አላጎነበሰም።